ከአረንጓዴ ጨው የወጡ ፊቶች፦ የመቅደላ ዘመቻ ፎቶግራፎችና የልዑል ዓለማየሁ ምስል

በአስኮት ቬል ዩኒየን ሮድ ላይ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታ የደም ማነስ ኪኒን የምትገዛ ነፍሰ ጡር እህት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ የምትሄደው ብዙውን ጊዜ የብረት ጨው ነው። በማሸጊያው ላይ «ፌረስ ሰልፌት» ተብሎ ይጻፋል። ዋጋው ርካሽ፣ ጣዕሙ መጥፎ፣ ሆድ የሚያደርቅ ኪኒን ነው፤ ከዚያ አልፎ ስለ እርሱ የሚጨነቅ ሰው የለም። ይሁንና ይኸው ጨው ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት በሌላ መልኩ፣ በውሃ ተሟሙቶ ከመስተዋት ላይ ሲፈስስ፣ የሰውን ፊት ከጨለማ አውጥቶ ያሳይ ነበር። በ1868 ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲዘምት የተነሡት ፎቶግራፎች የዚያ ዘመን ጥበብ ውጤቶች ናቸው። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ አገር የተነሣቸው፣ ዛሬም በየኢትዮጵያዊው ቤት የሚታወቁት ምስሎችም የዚያው ጥበብ ልጆች ናቸው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው ሲባል

ጨው ማለት ወጥ የሚጣፍጥበት ብቻ አይደለም። በኬሚስቶች ቋንቋ አሲድ ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚወልደው ውህድ ሁሉ ጨው ይባላል። የብረት ቁርጥራጭ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቢነከር ፈሳሹ አረፋ እያወጣ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል፤ ቀስ በቀስም አረንጓዴ ይሆናል። ፈሳሹ ተንኖ ሲቀዘቅዝ የተሰበረ አረንጓዴ ጠርሙስ የሚመስሉ ክሪስታሎች ይቀራሉ። ፌረስ ሰልፌት እነዚህ ናቸው። በውስጣቸው ብዙ ውሃ አምቀው ስለሚይዙ ከክብደታቸው ብረት የሆነው 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 300 ሚሊግራም የዚህ ጨው ኪኒን 60 ሚሊግራም ያህል ብረት ይሰጣል ማለት ነው።

እንግሊዞች በጥንት ስሙ «ኮፐራስ» ይሉታል፤ ስሙ መዳብን ቢያስታውስም በውስጡ አንዲት ቅንጣት መዳብ የለበትም። በጥንት ጊዜ «አረንጓዴ ቪትሪዮል» ያሉትም ነበሩ። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በዊትስተብልና በዴትፎርድ ትልልቅ ማምረቻዎች ነበሩት። ከባሕር ዳር የተለቀመ ፓይራይት የተባለ ወርቅ መሳይ ድንጋይ ሜዳ ላይ ይከመርና ለዓመታት ዝናብና አየር ይበላዋል። ከክምሩ ሥር የሚወርደው ፈሳሽ ከብረት ቁርጥራጭ ጋር ይፈላል፤ ከዚያ ጨው ይወጣል። ጨርቅ ጥቁር የሚያቀልም፣ ባርኔጣ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ቀለም የሚበጠብጥ ሁሉ ደንበኛው ነበር። ዛሬ ብረት በአሲድ የሚያጥቡና ነጭ የግድግዳ ቀለም መሥሪያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች እንደ ተረፈ ምርት ስለሚያወጡት ድንጋይ መከመሩ ቀርቷል።

የዚህ ጨው ባሕርይ በአንድ ቃል ቢነገር ለጋስነት ነው። በውስጡ ያለው ብረት አንዲት ኤሌክትሮን ትርፍ እንደያዘ ሰው ነው፤ ተቀባይ ካገኘ ወዲያው ይሰጣል። ክዳኑ ተከፍቶ ከተቀመጠ ለአየሩ ኦክሲጅን ሰጥቶ ዝገት መስሎ ይቡናል። የተሟሟ ወርቅ ካገኘ ለወርቁ ይሰጥና ወርቁን ዱቄት አድርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወርቅን በክሎሪን አሟሙተው የሚያጣሩ ሠራተኞች ይህንን ያውቁ ነበር። የተሟሟ ብር ካገኘም እንዲሁ ነው። የፎቶግራፉ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ ቀለምና ስለ ቡና ጥቂት ማለት ይገባል።

ቀለም፣ ብራና፣ ቡና

አውሮፓውያን ከመካከለኛው ዘመን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ የጻፉበት ጥቁር ቀለም ይህ ጨው ነበር። በወርካ መሳይ የኦክ ዛፍ ላይ ነፍሳት ሲወጉት የሚበቅለውን እብጠት ፈጭተው፣ ከእርሱ የሚወጣውን ታኒን ከፌረስ ሰልፌት ጋር ያዋህዱታል። ሲጻፍበት ገርጣ ያለ ነው፤ በቀናት ውስጥ አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ወደ ወረቀቱ ዘልቆ ይገባል። ተፍቆ የማይጠፋ በመሆኑ ውልና ፍርድ የሚጻፈው በእርሱ ነበር። ችግሩ የሚታየው ከመቶ ዓመታት በኋላ ነው። አሲድነቱና ትርፍ ብረቱ ተባብረው ወረቀቱን ይበሉታል። የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የእጅ ጽሑፍ የሙዚቃ ወረቀቶች በገዛ ቀለማቸው ተበሳስተው በብዙ ድካም የሚጠገኑት ለዚህ ነው።

የእኛ ቁም ጸሐፊ በአብዛኛው የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ጥላሸት ከድስት ቂጥ ይፍቃል፣ እህል ቆልቶ ያሳርራል፣ ሙጫ ይጨምራል፣ ለወራት ያቦካዋል። የጥላሸት ቀለም ካርቦን ነው፤ አይዝግም፣ አሲድ አይወልድም፣ ብራናውን አይበላም። ከመቅደላ ተጭነው ለንደን የገቡት መጻሕፍት ዛሬ ሲገለጡ ፊደላቸው ትናንት የተጻፈ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ያገራችን ሊቃውንት የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሥራቸው ግን ከባኽ ቀለም የተሻለ ዕድሜ እንዳለው ማንም ሊክደው አይችልም።

ቡናውስ ምን አገባው? ሻይና ቡና ታኒንና ታኒን መሰል ነገሮች አሉባቸው። እነዚህ ከብረት ጋር ሲገናኙ የሚያደርጉት ነገር ቀለም በጥባጩ ጠርሙስ ውስጥ ከሚሆነው የተለየ አይደለም፤ ብረቱን ጠፍረው ይይዙታል። እናም የደም ማነስ ኪኒን በቡና ወይም በሻይ መዋጥ ገንዘብን ማባከን ነው። በብርቱካን ጭማቂ ወይም በውሃ ውጦ፣ ቡናውን ለአንድና ሁለት ሰዓት ማዘግየት ይበጃል። «ጤፍ እየበላን ደም ማነስ ከየት መጣ?» የሚሉ እናቶችም አሉ። ጤፍ ሲመረመር ይታይ የነበረው ከፍተኛ የብረት መጠን አብዛኛው አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈር እንደሆነ አዲስ አበባ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ካሳዩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የአፈር ብረት ደግሞ እንደዚህ ጨው በቀላሉ አይሟሟም፤ ሰውነትም እምብዛም አይጠቀምበትም። ሌላው መነገር ያለበት ጉዳይ ይህ ነው፦ አንዳንዶቹ ኪኒኖች ቀይና ጣፋጭ ልባስ ስላላቸው ለሕፃን ከረሜላ ይመስላሉ። ሕፃን እፍኝ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አደጋ ቢደርስ በመላው አውስትራሊያ የመርዝ መረጃ ስልክ 13 11 26 ነው።

መስተዋት፣ ብርና ጥድፊያ

በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለ እንግሊዛዊ «እርጥብ ኮሎዲዮን» የተባለውን የፎቶግራፍ ዘዴ ይፋ አደረገ። ፎቶ አንሺው በኤተርና በአልኮል የተሟሟ፣ ማር የመሰለ ፈሳሽ በንጹሕ መስተዋት ላይ ያፈስሳል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ መስተዋቱን በሲልቨር ናይትሬት ይነክረዋል፤ ገና እያንጠባጠበ በካሜራው ውስጥ አስገብቶ ፎቶውን ያነሣል። ከደረቀ አይሠራም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በሞቃት አገር ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

ከካሜራው የወጣው መስተዋት ላይ ምንም አይታይም። ብርሃን የነካው ቦታ ለዓይን የማይታይ ምልክት ብቻ ይይዛል። ይሄኔ ፎቶ አንሺው ከአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ከኮምጣጤው አሲድ፣ ጋር የተቀላቀለ ፌረስ ሰልፌት በአንድ እጅ ምት መስተዋቱን አልብሶ ያፈስሳል። ብረቱ ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፤ በመስተዋቱ ላይ ያለው የተሟሟ ብር ይቀበልና ንጹሕ ብር ሆኖ ብርሃን የነካው ቦታ ላይ ይከማቻል። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሰማዩ፣ ቀጥሎ የልብሱ ንጣት፣ በመጨረሻም የፊቱ ጥላ ብቅ ብቅ ይላል። ጥቂት ቢዘገይ ሁሉም ይጠቁርና ይበላሻል፤ በጊዜው ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ከዚያ ትርፉ ብር በፖታሲየም ሳያናይድ ወይም «ሃይፖ» በተባለ ሌላ ጨው ይታጠባል። አማርኛችን «ፎቶ ማጠብ»፣ «ፎቶ ማሳጠብ» የሚለው በእርግጥም ልክ ነው፤ ሥራው ከዳር እስከ ዳር እጥበት ነው።

በዚህ ጨው ፋንታ ፓይሮጋሊክ አሲድ የሚጠቀሙ ነበሩ። ብረቱ ግን ፈጣን ነበርና ሰውየው ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ያለበትን ጊዜ አሳጠረ፤ በ1860ዎቹ ለእርጥብ መስተዋት በሰፊው የተለመደው እርሱ ሆነ። ሙቀት ሲበዛ ብረቱን መቀነስ፣ አሲዱን መጨመር ግድ ነው፤ አለዚያ ምስሉ ከእጅ ያመልጣል። ጠርሙሱ ለብዙ ቀን ከቆየም አየር እየበላው ይቀላና ኃይሉን ያጣል።

የዚህ መስተዋት አንድ እንከን ስለ እኛ ሰዎች ምስል ብዙ ይናገራል። እርጥብ ኮሎዲዮን የሚያየው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃንን ብቻ ነው። ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ግን ይጠቁራሉ። ጠይም ቆዳ የሚመልሰው ሰማያዊ ብርሃን ትንሽ ነውና የጠይሙ ሰው ፊት ከእውነተኛ መልኩ አብዝቶ ጠቁሮ፣ የዓይኑና የከንፈሩ ዝርዝር ተደፍኖ ይወጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ፎቶግራፎች ላይ አያቶቻችንን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ጥላ አድርጎ ያሳየን መልካቸው አይደለም፤ መስተዋቱ ነው። ፎቶግራፍ አይዋሽም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

ከዙላ እስከ መቅደላ

ወደ ኢትዮጵያ ካሜራ ይዘው ከገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ነበር። ይኸው ስተርን በ1863 በአፄ ቴዎድሮስ ፊት ተደበደበና ታሰረ። በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን ታሰረ፤ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ የነገሩ ሥር ነው። የሎንዶን ቢሮ ሠራተኞች አንድ ደብዳቤ ቢመልሱ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብሎ የሚከራከር ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ክርክሩም እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

ናፒየር የመራው ጦር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን ተከታይ፣ ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳ ነበረው። ከእነዚህም 44ቱ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች ነበሩ። ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራና ገደል ተጉዟል። ከሠራዊቱ ጋር የሮያል ኢንጂነርስ 10ኛ ኩባንያ ፎቶ አንሺዎች አብረው ተጓዙ፤ አለቃቸው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ይባል ነበር። ሮያል ኢንጂነርስ ከ1850ዎቹ ጀምሮ በቻታም ወታደሮቹን ፎቶግራፍ ያስተምር ነበር፤ ለጦሩ ካሜራ እንደ አካፋና እንደ ድማሚት አንድ የሥራ መሣሪያ ነበር።

ዋናው ሥራቸውም የሰው ፊት ማንሣት አልነበረም። ቀድመው የሚሄዱት መኮንኖች የመንገዱን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የዳገቱን ንድፍ በእርሳስ ይነድፋሉ። ንድፉ በመስተዋት ላይ ይነሣል፤ በፀሐይ ብርሃን በወረቀት ላይ ደጋግሞ ይታተማል፤ ለየአዛዡ ይታደላል። በዚህ ዓይነት በሺህ የሚቆጠሩ የካርታ ቅጂዎች ወጡ። ኢትዮጵያ በስፋት ፎቶግራፍ የተነሣችበት የመጀመሪያው ጊዜ ለወራሪ ጦር መንገድ ለመጥረግ ነበር ማለት ነው። ይህ የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ከካርታው ሥራ በተረፈው ጊዜ የተነሡት ሥዕሎች ግን ዛሬ ዋጋ አላቸው። የዙላ ወደብና ድንኳን፣ ሰንዓፌ፣ የትግራይና የወሎ ተራሮች፣ የመቅደላ አምባ በዚያ ዘመን መልካቸው ተመዝግበው ቀርተዋል። መስተዋት በበቅሎ ጀርባ፣ ሳያናይድና አሲድ በሳጥን፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለሰውም በማይዳረስበት መንገድ ይህንን መሥራት ቀላል እንዳልነበረ መመስከር ይገባል። ከእስር የተፈቱት አውሮፓውያንም በቡድን ተቀምጠው ተነሥተዋል። ቀድሞ ካሜራ ይዞ የመጣው ስተርን ከእነርሱ አንዱ ነው፤ አሁን በካሜራው ፊት ተቀማጭ ሆነ።

በምስሉ ውስጥ የሌለው ዋናው ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወታቸው ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ጦራቸው አሮጌ ላይ ተመታ፤ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲወጡ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሞቱትን ንጉሥ ፊት በእጁ ነደፈው። ዛሬ በየአዳራሹ የሚሰቀለው፣ ሹሩባው ወደ ኋላ የተጎነጎነው የቴዎድሮስ ምስል ሁሉ የሠዓሊ ምናብ ያለበት ነው። ጊዜው ካሜራ ስላልነበረ አይደለም፤ ካሜራውም ጨውም ከአምባው ሥር ነበሩ።

ይኸው ሆምስ ንድፉን ጨርሶ አልተመለሰም። ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወረዱ፤ በዚያ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደባቸው። ሆምስ ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገዛ። ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታ ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረው፤ በኋላም ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ፖርቱጋል ደረሰ።

የሰባት ዓመቱ ልጅ

ዓለማየሁ አባቱ ሲሞት ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ ታማ በግንቦት 1868 ትግራይ ውስጥ አረፈች፤ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባትም እናትም አጣ። ከዚያ በኋላ እጁን ይዞ የሄደው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ስፒዲ ከዚያ ቀደም የቴዎድሮስን ወታደሮች ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር፣ «ባሻ ፈለቀ» የሚል ስም የተሰጠው ቁመተ ረጅም ሰው ነበር። ለዘመቻው ሲጠራ የሚኖረው ከእኛ ባሕር ማዶ ነበር፤ በኒው ዚላንድ በዋይካቶ ሚሊሺያ ያገለግል ነበር።

በሐምሌ 1868 ልጁ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ላይ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። በዚያው ሰሞን በደሴቲቱ ላይ የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ተሻሙበት። በራይድ ከተማ ስቱዲዮ የነበረው ጃቤዝ ሂዩዝ አነሣው። በፍሬሽዋተር የምትኖረው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም፣ ስሟ ከታሰረው ቆንስል ስም ጋር እንዳይምታታ፣ ብቻውንም ከስፒዲ ጋርም አነሣችው። ሁለቱም የሠሩት በእርጥብ መስተዋት ነው። ካሜሮን ሰዎችን ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ በማስቀመጥ የታወቀች ነበረች። ያዘነ ልጅ ለዚያ ሥራ ይመቻል፤ አይሮጥም፣ አይስቅም። በሥዕሎቹ ላይ ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ይታያል፤ ባሻ ፈለቀ አበሻ ለመምሰል የሚጥር፣ ልጁ ደግሞ እንግሊዛዊ ሊደረግ የተዘጋጀ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በልጁ ፊት ላይ ነው። የሚያየው ወደ ካሜራው አይደለም፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ስፒዲ ወደ ሕንድ፣ ከዚያም ወደ ፔናንግ ይዞት ሄደ። መንግሥት ከስፒዲ ነጥሎ ወደ እንግሊዝ መለሰው፤ ቼልተንሃም፣ ራግቢና ሳንድኸርስት ተማረ፤ በየትኛውም አልተመቸውም። በሊድስ ሳለ በሳንባ ሕመም ታሞ ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። በንግሥቲቱ ትእዛዝ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

ኮራንደርክ

የመቅደላው መስተዋት ከመታጠቡ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ከሜልበርን በስተምሥራቅ በሂልስቪል አጠገብ በ1863 ኮራንደርክ የተባለ የአቦርጂናል መንደር ተመሠረተ። የአገሩ ባለቤቶች፣ ዛሬ አስኮት ቬል ያለችበትን የማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር መሬት ጨምሮ የርስታቸው ሁሉ ጌቶች የነበሩት የዉሩንጀሪ ሰዎችና ሌሎች ወገኖቻቸው፣ እዚያ ሰፈሩ። ቻርልስ ዋልተር የተባለ ፎቶ አንሺ ነዋሪዎቹን አንድ በአንድ አነሣ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ፊቶች በአንድ ሰሌዳ ተለጥፈው በ1866 በሜልበርን በተካሄደው የቅኝ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ላይ ለእይታ ቀረቡ። ሰሌዳው ዛሬ በስዋንስተን ስትሪት ባለው የቪክቶሪያ ስቴት ላይብረሪ ይገኛል።

የዚያን ጊዜ ተመልካች ሊያየው የመጣው «እየጠፋ ያለ ዘር» ነበር። ዘሩ አልጠፋም። የልጅ ልጆቹ እነዚያን ሥዕሎች የቅድመ አያታቸውን መልክ የሚያውቁበት፣ የዘር ሐረጋቸውን የሚያመሳክሩበት አድርገዋቸዋል። ሥዕሉን ያነሣው ሰው ያሰበውና ሥዕሉ በመጨረሻ የዋለበት ነገር ለየቅል ሆኑ። የመቅደላን ፎቶግራፎች የሚመለከት ኢትዮጵያዊም ከዚህ የሚማረው አያጣም፤ አልበሙ የተሠራው ለእንግሊዝ መኮንኖች መታሰቢያ ቢሆንም የአምባው ገደል፣ የመንደሩ ጎጆ የማን እንደሆነ የሚለየው የአገሩ ሰው ነው።

ጨው ከጨለማ ክፍል ሲወጣ

እርጥብ መስተዋት ዕድሜው አጭር ነበር። በ1871 ደረቅ የጄላቲን መስተዋት ተፈጠረ። ለእርሱም መጀመሪያ ላይ ፌረስ ሰልፌት ከፖታሲየም ኦክሳሌት ጋር እየተደባለቀ ያገለግል ነበር፤ ሃይድሮኪኖንና ሜቶል የተባሉት ሲመጡ ግን ብረቱ ቦታውን ለቀቀ። ጴጥሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ አዲስ አበባ ገብቶ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በሆነበት ጊዜ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ሲረከቡ፣ የብረት ጨው ከፎቶ ቤት መደርደሪያ ላይ ወርዶ ወደ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ተሻግሮ ነበር። እዚያማ አዲስ እንግዳ አልነበረም፤ ፒየር ብሎ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከ1830ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፌረስ ሰልፌትን ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር እያደባለቀ ለገረጡ ልጃገረዶች ኪኒን ይሰጥ ነበር።

ለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018፣ መቅደላ በወደቀች በ150ኛው ዓመት፣ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንን ሥራ ጨምሮ ከዘመቻው ጋር የተያያዙ ዕቃዎችን ለእይታ አቀረበ። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ብድር መስጠት እንደሚቻል ተናገሩ። የተሰረቀን ዕቃ ለባለቤቱ ማበደር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ባለቤቱ ይፍረደው። በ2019 የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ቁንዳላ ጸጉር ለኢትዮጵያ መለሰ።

የዓለማየሁን አጽም የኢትዮጵያ መንግሥት ደጋግሞ ጠይቋል፤ በ2007 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቅርበዋል። በ2023 የቤተ መንግሥቱ መልስ፣ በአቅራቢያው የተቀበሉትን ሌሎች አጽሞች ሳይነኩ የልዑሉን ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ግን በኒው ዚላንድ የሚኖሩ የስፒዲ ቤተሰብ ተወላጆች ለትውልድ ሲወርስ የመጣ፣ ከልዑሉ ራስ የተቆረጠ ዘለላ ጸጉር በእጃቸው መኖሩን አስታወቁ። ለንደን ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ለኢትዮጵያ አምባሳደር ተረከበ። ጸጉሩ በወረቀት ተጠቅልሎ የቆየው በሰው ቤት ነበር፤ ከዊንዘር ይልቅ ለአስኮት ቬል በሚቀርብ አገር።